ዌብሳይቱ የማን ነው?

«ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚሰማው የዌብሳይት ድርጅት» ሲባል ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ነገር ተመሳሳይ ነው። ለሕፃናት ማሳደጊያ በነፃ የተሠራ ዌብሳይት። ክረምት ላይ የድርጅቱ ስም የታተመበት ቲሸርት ለብሰው ችግኝ የሚተክሉ ወጣቶች። ይህን አልነቅፍም። ችግኝ መትከል ደግ ሥራ ነው። ለማሳደጊያ በነፃ የሠራም ይመስገን። የድርጅቱን ኃላፊነት በዚያ መለካት ግን ትክክል አይመስለኝም። እኔ የማየው ዋናውን ሥራውን ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራውን ዌብሳይት።

ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር በዚሁ ሥራ ነው የምንተዳደረው። ደንበኞቻችን ትልልቅ አይደሉም። የገበሬ ማኅበራት፣ የእደ ጥበብ ሰዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የእንግዳ ማረፊያዎች። አዲስ ሥራ በያዝን ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች አይለቁኝም። ይህን ገጽ ማን መክፈት ይችላል? ነገ እኛ ባንኖርስ የማን ሆኖ ይቀራል? ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት የማስበው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እነዚህ ሁለቱ ላይ ያርፋል።

ሰሜን ሸዋን የሚያውቅ ሰው መሬቱን ያውቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ወደ ጣርማበር ትወጣላችሁ። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ትወርዳላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጃኬታችሁን አውልቃችኋል። በሌላ በኩል ጀማ ወንዝ የሰነጠቀው የመርሐቤቴ ገደል አለ። መንዝ ደግሞ ደጋው ላይ ነው። ለኔትወርክ እንዲህ ያለ መሬት ከባድ ነው። አንድ ሰው ኮረብታው ጫፍ ላይ ሆኖ ፎር ጂ ያገኛል። ቁልቁል ወደ ቤቱ ሲወርድ ስልኩ ወደ ቱ ጂ ይመለሳል። ጭራሽ የሚጠፋበትም ቦታ አለ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ኤችቲቲፒ አርካይቭ የሚባል፣ በዓለም ላይ ያሉ ድረ ገጾችን በየጊዜው የሚመዝን ፕሮጀክት አለ። በእሱ መለኪያ መካከለኛው ገጽ በስልክ ሲከፈት ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው። ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ስልክ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ያገኛል እንበል፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነው። 2 ሜጋባይት ለማውረድ 160 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ማለት ነው። ማን ይጠብቃል? 100 ኪሎባይት የሚመዝን ገጽ ግን በዚያው ኔትወርክ በ8 ሰከንድ ይከፈታል። በዚያ ላይ የወረደው ሁሉ ከሰውየው ጥቅል ላይ ነው የሚቆረጠው። እኛ ለማሳመር ብለን የጨመርነውን የሚከፍለው እሱ ነው።

ጽሑፍ ራሱ ክብደት የለውም። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል አንድ። ያም ሆኖ ኢምንት ነው። አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ቃላቱ ብቻ ቢመዘኑ ከ50 ኪሎባይት አያልፉም። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ግን በቀላሉ 3 ሜጋባይት ይሆናል። ገጽን የሚያከብዱት ሌሎች ናቸው። መጠኑ ሳይቀነስ የተሰቀለ ፎቶ፣ ሁለተኛውን ማንም የማያየው ተንሸራታች ምስል፣ ጎብኚውን የሚከታተል የማስታወቂያ ኮድ፣ ለአንድ ቁልፍ ተብሎ የተጫነ ሙሉ የኮድ ስብስብ።

ፎንትም አለ፤ የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል። ፊደላችን ብዙ ነው። ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ደረጃ ውስጥ የግዕዝ ሰንጠረዥ ዋናው ክፍል ብቻ ከ300 በላይ ምልክቶች አሉት። ሙሉውን ፎንት ከገጹ ጋር መላክ የሰውን ዳታ ማባከን ነው። አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ የግዕዝ ፎንት ከፋብሪካቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ እኛ ለዋናው ጽሑፍ ስልኩ ላይ ያለውን እንጠቀማለን። ለርዕስ የተለየ ፎንት ከተፈለገ የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ ቆርጠን እንልካለን። ዲዛይነር ጓደኞቼ በዚህ ይቆጣሉ። «ገጹ ድሀ ሆነ» ይሉኛል። ገጹ ተከፍቶ ሲነበብ ማየት ለእኔ ከውበቱ ይቀድማል።

የአንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ዋናው ገጽ ላይ ቪዲዮ እንዲሆንላቸው ፈልገው ነበር። ቆላ ናቸው። ሽንኩርትና ማሾ ያመርታሉ። «የአዲስ አበባዎቹ እንዲያ ነው ያሠሩት» አሉኝ። «ጋሼ፣ አባሎቻችሁ የሚከፍቱት በምን ስልክ ነው?» አልኳቸው። ከኪሳቸው የራሳቸውን አወጡ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴክኖ ነው። ቪዲዮ ያለውን ናሙናና ቪዲዮ የሌለውን ናሙና በዚያው ስልክ፣ እዚያው ማሳው ዳር ቆመን ከፈትናቸው። አንደኛው ዝም ብሎ ይዞራል። ሁለተኛው የሽንኩርቱን ዋጋና የጸሐፊዋን ስልክ ቁጥር ወዲያው አሳየ። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «ይህን ቀላሉን አድርጉልን፤ ቪዲዮውን ለስብሰባ እናሳየዋለን» አሉ። እንዲህ ያለው ውይይት ቢሮ ቁጭ ተብሎ አይሆንም። ሥራው የሚነበብበት ቦታ ሄዶ መቆም ይፈልጋል።

መክፈት ማለት ግን ኔትወርክ ብቻ አይደለም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን ወረቀት ላይ አትመው፣ ማኅተም መትተው፣ ፎቶ አንስተው ነው የሚለጥፉት። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ተፈልጎ አይገኝም። ኮፒ አይደረግም። ማየት ለተሳነው ሰው ደግሞ የለም ማለት ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው፣ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ ዓይነ ስውር በሆነ ወጣት የተጀመረ ነው። አብሮት የሚመጣው ድምፅ ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ንባቡ ደረቅ ነው፤ ግን ያነባል። የሚያነበው ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ ሲገኝ ነው። ገጹ አማርኛ መሆኑን የምትገልጽ አንዲት አጭር ምልክት ኮዱ ውስጥ ትገባለች። እሷን ማስገባት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ግን ስንት የአማርኛ ዌብሳይት ከፍቼ «ይህ ገጽ እንግሊዝኛ ነው» የሚል ኮድ አግኝቻለሁ! ማንበቢያው ያን አምኖ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነብ ይታገላል።

ይህን የሚያስተምር መመሪያ ጠፍቶ አይደለም። የዌብን ደረጃዎች የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የቅርቡ፣ ቁጥር 2.2 የሚባለው፣ በ2023 ወጥቷል። ለምሳሌ የተራ ጽሑፍ ቀለም ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይኑረው ይላል። የተጻፈው የማየት ችግር ላለባቸው ሰዎች ታስቦ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እየመታው ስልኩን የሚያይ ገበሬም ይጠቀምበታል። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ የሚወዱ ዲዛይነሮች ጅሩ ሜዳ ላይ ወጥተው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ያ ዓመት፣ 1999፣ ለእኛ በሌላም ምክንያት ትልቅ ነው። ፊደላችን የገባበት ዩኒኮድ 3.0 የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ አሠራር ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ያ ችግር ከተፈታ ስንት ዓመቱ! አማርኛን በፎቶ መለጠፍ አሁን ምንም ምክንያት የለውም።

ስለ ፎርሞች አጭር ነገር ልበልና ልለፍ። ከውጭ የተገለበጠ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የአባት ስም ነው ያለን። ፖስታ ኮድ ካልሞላችሁ አያሳልፍም። ኢሜይል ግዴታ ነው ይላል፤ አብዛኛው ሰው ያለው ስልክ ቁጥር ነው። የትውልድ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ይጠይቅና ሰዉን በሰባትና በስምንት ዓመት ያሳስተዋል። ቀጠሮ «9:00» ብሎ ይጽፋል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አንባቢው ይገምት። እነዚህን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም። ስለ ሰው ማሰብ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

መንዝ የበግ አገር ነው፤ የሱፍ ሥራው የቆየ ነው። በርኖስ፣ ባና፣ ምንጣፍ። በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር በፕሮጀክት ድጋፍ ዌብሳይት ተሠራለት። ሥራው ቆንጆ ነበር። ፎቶው፣ የምንጣፉ ዋጋ፣ የማዘዣው ስልክ፣ ሁሉም አለ። አድራሻውን በየምንጣፉ ላይ በሚንጠለጠል ካርድ አሳተሙት። ሠሪው ድርጅት ግን ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ ስም፣ በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦት ነበር። ፓስወርዱንም ለማኅበሩ አልሰጠም። ፕሮጀክቱ አለቀ። የዓመቱ ክፍያ ደረሰ። ማስታወሻው የሄደው ለድርጅቱ ነው። ማኅበሩ ምንም አልሰማም፤ የሚከፈል ነገር መኖሩንም የነገራቸው አልነበረም። ጊዜው አለፈ፣ ዶሜይኑ ተለቀቀ፣ ሌላ ሰው ገዛው። ካርዱን ይዞ አድራሻውን የሚከፍት ደንበኛ አሁን የሚያገኘው የውርርድ ገጽ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የተለቀቁ ዶሜይኖችን እየጠበቁ የሚለቅሙ ሰዎች በዓለም ሁሉ አሉ። ዶሜይን ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። በየዓመቱ የሚታደስ ኪራይ ነው፤ ካልታደሰ ከጊዜ በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። ይህን ለደንበኛው በግልጽ አማርኛ መንገር የሠሪው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። የማኅበሩን ሰብሳቢ ላነጋግራቸው ሄጄ ነበር። ስለ ዶሜይን አሠራር ሁሉንም አስረዳኋቸው። ጨርሰው ሰሙኝና «ልጄ፣ ገንዘቡ የእኛ አልነበረም ይባል። ስሙ ግን የእኛ አይደለም ወይ?» አሉኝ። «የእርስዎ ነው እትዬ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ስሙን ማስመለስ ግን አልቻልንም። በሌላ አድራሻ እንደገና ጀመርን። ካርዱም እንደገና ታተመ።

ድርጅቱ ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። የተለመደ አሠራር ነው። «ደንበኛው ስለማይገባው እኛ እንያዝለት» ይባላል። ከሥሩ ግን ሌላ ስሌት አለ። ቁልፉ እኛ ጋ ከሆነ ደንበኛው የትም አይሄድም። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ይህን ሳይደብቅ ነግሮኛል። «ካላሰርከው ነገ ጥሎህ ይሄዳል» ነው ያለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥለውን የሄዱ አሉ። ሁሉንም ነገር አስረክበናቸው፣ ርካሽ ሠሪ አግኝተው የሄዱ። ይህ ገቢ ይቀንሳል። እኔ ግን ሰው መሄድ እያቃተው አብሮኝ እንዲቆይ አልፈልግም።

ስለዚህ አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ዶሜይኑ በደንበኛው ስም ይመዘገባል። ኢሜይሉ የማኅበሩ እንጂ የአንድ ሰው የግል አይሆንም፤ ሊቀ መንበር ይቀየራል፣ ጸሐፊ ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተሙ በሚቀመጥበት ካዝና ውስጥ ይገባል። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። የመንዝ ማኅበር ግን ማኅተሙን አጥቶ አያውቅም። የሚታደስበት ቀን በዓመታዊ ዕቅዳቸው ላይ፣ ከኦዲት ቀጥሎ ይጻፋል። የሚከፈለው ገንዘብም በጀታቸው ውስጥ ይገባል።

የምንሠራበት መሣሪያም ለዚህ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ዎርድፕረስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነፃ የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩት በእሱ ነው። ቴክኒካዊ ጉድለቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ስለነሱ ሌላ ቀን ልጽፍ እችላለሁ። ነገር ግን እኛ ነገ ብንዘጋ ደሴም፣ አዲስ አበባም፣ ደብረ ብርሃንም የሚያውቀው ሰው ይገኛል። እኛ ብቻ የምንረዳውን ኮድ ጽፎ ለገበሬ ማኅበር መስጠት፣ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማኅበሩን እኛ ላይ ጥገኛ ማድረግ ነው። ሥራውን ጨርሰን የምንለውም የማኅበሩ ጸሐፊ ዋጋውን ራሷ መቀየር ስትችል ነው። እኛ ፊት ሆና አይደለም። እኛ ከሄድን በኋላ፣ በራሷ ስልክ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ሥራ ምን ያህል እንደተጎዳ ያውቃል። ለእኛ አንድ ነገር አስተማረን። ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ የተሠራ ነገር ለዚህ አገር አልተሠራም። አሁን በምንሠራው ገጽ ላይ ስልክ ቁጥር ከላይ፣ በትልቁ ይጻፋል፤ ተነክቶ እንዲደወል ሆኖ። የዋጋ ዝርዝሩ በአንድ ወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተደርጎ ይዘጋጃል። አንዴ የተከፈተ ገጽ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ያለ ኔትወርክ እንዲነበብ እናደርጋለን፤ ቴክኖሎጂው ካለ ቆይቷል። ክፍያ ካለ ደግሞ መተግበሪያውን ብቻ አንጠቁምም። ቴሌብር በ*127# በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል፤ ያንንም እንጽፋለን።

ስለ ሰው መረጃ ደግሞ ለድርድር የማላቀርበው ነገር አለኝ። ደብረ ብርሃን የብዙ ተፈናቃዮች መጠለያ ሆናለች። ከወለጋ የመጡ አሉ። ከአጣዬና ከአካባቢዋ ተፈናቅለው የቆዩም ነበሩ። አንድ ጊዜ የእርዳታ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ገጽ ሠርተን የተረጂዎችን ስም፣ ፎቶ፣ ስልክ፣ የመጡበትን ወረዳና ያሉበትን መጠለያ እንድናወጣ ጠየቁን። ሐሳባቸው ቅን ነበር። ለጋሾች ግልጽነት ይፈልጋሉ። እኔ ግን አንዲት እናት ታየችኝ። ከሸሸችው ሰው ተደብቃ ያለች እናት። ስሟና ያለችበት ቦታ ጉግል ላይ ሲወጣ።

እምቢ አልን። ተነጋግረን ሌላ መንገድ አገኘን። ገጹ ላይ የሚወጣው የሰው ብዛትና የተሰጠው እርዳታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር አለው። የስም ዝርዝሩ ወረቀት ላይ፣ የሚመለከተው ሰው እጅ ውስጥ ነው። ለጋሹም ሊቆጣጠር ይችላል፤ እናትየዋም አልተጋለጠችም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ በሕግም ግዴታ እየሆነ ነው። አዋጁ ባይኖርም መልሳችን ያው ይሆን ነበር። ከፎርሞቻችን ላይም የማያስፈልገውን ጥያቄ እናወጣለን። የዘር ሐረግ፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ቦታ ለሥልጠና ምዝገባ ምን ያደርጋል? ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም።

ይህን ሁሉ እያደረጉ ድርጅት እንዴት ይኖራል የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። በውጭ ቢ ኮርፕ የሚባል የምስክር ወረቀት አለ። ሰጪው እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ቢ ላብ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የሚያመለክተው ኩባንያ ሠራተኛውን፣ ደንበኛውን፣ ማኅበረሰቡንና አካባቢውን እንዴት እንደሚይዝ ይመረመራል። ለብዙ ዓመታት ማለፊያው ከ200 ነጥብ 80 ነበር። በዚህ ያለፉ የዌብሳይት ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ከሁሉ የወደድኩት አንድ ነገር ነው፤ ኩባንያው ኃላፊነቱን መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ባለቤት ሲቀየር ኃላፊነቱ እንዳይጠፋ። ያን የምስክር ወረቀት ለማግኘት ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ መሯሯጥ አያስፈልግም። ደንቡ ውስጥ መጻፉን ግን እኛም ማድረግ እንችላለን። የሸሪኮች ስምምነታችን ላይ አስገብተነዋል። ዶሜይን በደንበኛ ስም፣ ኮድ ለደንበኛ፣ የሰው መረጃ አይሸጥም።

ዋጋችንንም በግልጽ እንጽፋለን። በነፃ ብዙ አንሠራም። ይህን ስል የሚከፋው ሰው ይኖራል፤ ምክንያት አለኝ። በነፃ የተሠራ ዌብሳይት ሲበላሽ ደንበኛው ለመናገር ያፍራል። ሠሪውም ቅድሚያ አይሰጠውም። ትንሽ ብትሆንም የከፈለ ማኅበር ደውሎ ይቆጣል። መቆጣት መብቱ ነው። ሙሉውን ከፍለው የሚያሠሩ የእንግዳ ማረፊያዎችና ሱቆች አሉን፤ ከነሱ የሚገኘው ለማኅበራቱ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ይረዳናል።

ለአፓረንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በእኛ አቆጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ሲመረቁ ግን ዓይናቸው 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ነው። አልፈርድባቸውም። እኛ ጋ ሲመጡ ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳቸውን እንከፍላለን፤ ሥራቸው ላይም ስማቸው ይጻፋል። ቡና አፍልተው እንዲውሉ አናደርግም። ከእነሱ መካከል እዚሁ የቀሩ አሉ፤ አንዷ አሁን የማኅበራቱን ሥልጠና ትመራለች። በአማርኛ፣ በሰዉ አነጋገር፣ ሳታዋክብ ስታስተምር ብታዩዋት!

ስለ ጓሳ ሳላነሳ አላልፍም። መሐል ሜዳ አጠገብ ያለው የመንዝ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የጋራ መሬት ነው። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል አሠራር ከ400 ዓመት በላይ ጠብቆታል ይባላል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ግን እንዳሻህ አይደለም። ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፣ የጣሰ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ አሠራሩ ተዳክሞ ነበር፤ በኋላ ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ አነሳው። ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ አሉ።

የእኛ ሙያም የሚበላው ከጋራ መሬት ነው። የዌብን ቴክኖሎጂ ሰርን የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ማንም ያለክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ሰርቨሮቻችን፣ ገጾቹ የሚቀመጡባቸው ኮምፒውተሮች፣ የሚሠሩበት ሊኑክስ ነፃ ነው። ዎርድፕረስ ነፃ ነው። የገጾቻችንን ግንኙነት የሚያመሰጥረውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጠናል። በዚህ ሁሉ ላይ ተቀምጠን ለደንበኛ ዋጋ እናወጣለን። ታዲያ እኛ ምን መለስን? ይህ ጥያቄ ከችግኝ ተከላው በፊት ይመጣል ባይ ነኝ። አቅማችን ትንሽ ነው፤ የምንችለውን ጀምረናል። የዎርድፕረስን የአማርኛ ትርጉም ስናገኝ የተበላሹ ቃላትን እናስተካክላለን። ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው፣ ማንም ሊጨምርበት በሚችል ነፃ ካርታ ላይ የደንበኞቻችንን መንደር መንገድ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት እንጨምራለን። ለቀን መቁጠሪያችን የጻፍነውን ኮድ ማንም እንዲወስደው ክፍት አድርገናል። ሌሎችም ቢጨምሩበት የአማርኛ ዌብ ከዛሬው በጣም የተሻለ ይሆናል።

ይህን የምታነቡ የማኅበር፣ የዕድር፣ የትምህርት ቤት ወይም የትንሽ ሱቅ ኃላፊዎች ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዌብሳይታችሁን ለሠራላችሁ ሰው ደውሉ። ዶሜይኑ በማን ስምና በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ ጠይቁት። መቼ እንደሚታደስ፣ ስንት እንደሚከፈልበትም ጠይቁ። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ጽፎ ይላክላችሁ። ስሙ የእናንተ ካልሆነ እንዲዞርላችሁ አሁኑኑ ጥያቄ አቅርቡ። ዶሜይኑ ገና በሠሪው እጅ ሳለ ማዛወሩ ቀላል ነው። ሌላ ሰው ከገዛው በኋላ ግን ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው።